በሰባተኛው ረድፍ ላይ የጻፍኩት ቃል

ጽሕፈቴ ያምራል። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው። እናቴ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው ያደግኩት። ኮሌጅ ገብቼ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ስማርም፣ የቡድን ሥራ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶው የሚሰጠው ለእኔ ነበር። ሌሎቹ ያስባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

ሌላም የምኮራበት ነገር ነበረኝ። በቡድናችን ካለነው ስድስት ተማሪዎች ኦሮምኛ የምናገረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከሶዶ፣ አንዱ ከአርባ ምንጭ የመጡ ናቸው። «ቱርጁማናችን» ይሉኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። የእኔ ኦሮምኛ ግን የገበያ ኦሮምኛ ነው። ዋጋ እከራከርበታለሁ፣ ሰላምታ እለዋወጥበታለሁ፣ ሲያስፈልግም እሳደብበታለሁ። ገበያ ላይ የማይነሳ ነገር ሲመጣ ግማሹን እሰማና ግማሹን እገምታለሁ። ይህንን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ድንኳን ይዘን ለአራት ቀን ከጎባ በላይ ወዳለው ደጋ ወጣን። መምህራችን እንደነገረን ዓላማው መሬቱን ከነባለቤቶቹ ማወቅ ነበር፤ የትኛው ሸንተረር የየትኛው ጎሳ ግጦሽ እንደሆነ፣ ከየትኛው ምንጭ የማን ከብት እንደሚጠጣ፣ ሰውና አውሬ እዚያ ብርድ ላይ እንዴት ተቻችለው እንደኖሩ። መምህሩ አማርኛ የለመደ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ቅን፣ ጥያቄ የማያልቅበት፣ ጫማው ውስጥ ውሃ ገብቶ እንኳ የሚስቅ ሰው። አዲስ አበባ ላለ አንድ የጥበቃ ፕሮጀክት የሚሞላ ቅጽ ይዞ ነበር። ቅጹ በአማርኛ ነው። የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ የሚበቅልበት ዛፍና ሣር፣ በመጨረሻም «አሁን ያለበት ሁኔታ» የሚል አምድ አለው። አሥር ረድፍ፣ አሥር ቦታ። ቅጹን ሳያመነታ ለእኔ ሰጠኝ።

መኪናው መንገድ ዳር አራግፎን ተመለሰ። የቀረውን ዕቃ ተሸክመን በእግር ወጣን። የአርባ ምንጩ ልጅ ሁለት ጃኬት ደርቦ በላዩ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ሰው እንዴት እዚህ ይወለዳል እያለ እኔን ይነጅሰኛል። ጎባማ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቆላ ነው አልኩት። ጉሙ እየወረደ አንዴ ይሸፍነናል፣ አንዴ ይገልጠናል፤ ከፊት ያለው ሰው ጠፍቶ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ ነበር።

ድንኳን የተከልነው ኮሶና ጥድ የከበቡት ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያው ሁሉ ጉብታና የፍልፈል ጉድጓድ ሆኖ ሳለ ያ ቦታ ብቻ የተደለደለ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ለውሃ የቀረበ ነበር። ዳር ዳሩን ሳማ በቅሎበታል። መሃሉ ላይ ሣር የዋጣቸው ሦስት ድንጋዮች አገኘንና ጉልቻ አደረግናቸው። ሦስት ድንጋይ ትይዩ ሆኖ በራሱ እንደማይቀመጥ እንዴት ለአንዳችንም ሳይገባን ቀረ እያልኩ እስካሁን ይገርመኛል። ፓስታ ቀቀልንባቸው፤ ቦታ በመምረጣችንም ተመሰጋገንን።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው መንገድ መሪ እንዲሆኑን የላካቸው ሽማግሌ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በጋቢያቸው ላይ አሮጌ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። በሩቁ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ አልመጡም። ሳማውን ይዘው ዙሪያውን ዞሩና በምሥራቅ በኩል አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላም በመጡ ቁጥር እንደዚያው ነው። በዚያ ሜዳ ላይ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌው በር እየፈለጉ ነው ብሎ ቀለደና ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

ድስቱ የተጣደበትን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው እናቴን ያውቋታል፤ በርበሬ የሚገዙት ከእሷ ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌሎቹን «ተማሪዎች» እኔን ግን «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ ማለት ነው፣ ይሉኝ ጀመር።

ሁለት ቀን ሙሉ አስተማሩን። እንደዚያ ያለ ትምህርት ክፍል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። በበትራቸው እያመለከቱ ይህ ሸንተረር የእነ እገሌ ጎሳ ነው፣ ያኛው ወንዝ ድረስ የእነ እገሌ ነው ይላሉ፤ አጥር የለም፣ ምልክት የለም፣ ግን የሚሳሳት የለም። ከብቶቹ ጨዋማ ውሃ የሚጠጡበት ሆራ ለማን በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ነገሩን። ከዓመቱ ከፊሉን ወራት ከብቱን ይዘው ወደ ሀረና ጫካ እንደሚወርዱ፣ ሣሩ አርፎ ሲያገግም ተመልሰው እንደሚወጡ፣ ይህም ጎዳንቱ እንደሚባል አስረዱን። መሄዳችን መተዋችን አይደለም አሉ። እኔም ይህንኑ አንድም ሳላጎድል ተረጎምኩ፤ መምህሩም ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀይ ቀበሮ አየን። ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣ፣ አንድ እግሯን አንስታ ቆማለች። የደብረ ማርቆሷ ልጅ እጄን ጨምቃ ይዛ አለቀሰች፤ እንዲህ ቅርብ አይተን አናውቅም ነበር። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እሷ በምትወልድበት ጊዜ ውሻ ይዘን ወደዚህ አንወጣም አሉ። ከአባታቸው የተማሩት ነው። ያን ጊዜ ይህን መሬት ለማዳን ምንም ነገር ባደርግ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ቅጹን የሞላነው በሦስተኛው ቀን ነው። ካፊያ ነበር። ወረቀቱን በላስቲክ ከልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፣ መምህሩ በስልኩ ከፍታውን ይነግረኛል፣ ሽማግሌው ስለየቦታው የሚሉትን እኔ እተረጉማለሁ። ስድስቱን ጨረስን። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፤ ሌሎቹም ርቧቸው ይነጫነጫሉ። ሰባተኛው ያረፍንበት ሜዳ ነበር። መምህሩ ይሄ ያለንበትስ አለኝ፤ እኔም ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ወደ ድንኳኖቻችን ዞረው «ኩኒ ኦና አባ ኮቲ» አሉ።

ኦና የገበያ ቃል አይደለም። በኦሮምኛ ሰምቼው አላውቅም። በአማርኛ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰው የሌለበት፣ ማንም የማይፈልገው ባዶ ቤት ኦና ነው። አባ ኮቲ አባቴን የሚመለከት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያሉ መሰለኝ። መልሼ አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅ አለማወቄ ይታወቅብኝ ነበር።

«ኦና ነው አሉ» አልኩት መምህሩን።

«ባዶ ነው ማለት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

በሰባተኛው ረድፍ፣ በመጨረሻው አምድ፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ «ኦና» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ከትከሻዬ በላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። አማርኛ አይሰሙም፣ ማንበብም አይችሉም። ጻፍሽው ወይ አሉኝ፤ ጻፍኩት አልኳቸው። «ረቢ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብለው መረቁኝና እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ከዝናቡ ይልቅ ይሞቅ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጎህ ሲቀድ ጄሪካን ይዤ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ጉሙ ጉልበት ድረስ ነበር። ትልቁ ኮሶ ሥር ሽማግሌው መዳፎቻቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ዱዓቸውን ሲጨርሱ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚያው ቆመው ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው በተራ ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ትንሽ ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይናገራሉ። እግራቸው ሥር ሣር ያለበሳቸው ሁለት ረዣዥም የድንጋይ ክምሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ ያሰጣነው እዚያ አጠገብ ነው።

ሲያዩኝ አላፈሩም። ተማሪዎች እንደሆናችሁ፣ ዛሬ እንደምትሄዱ፣ ልጆቹ ክፉ እንዳልሆኑ ነገርኳቸው አሉኝ። ለማን ብዬ ጠየቅኩ። «ለሰዎቹ» አሉና በአገጫቸው ወደ መሬቱ አመለከቱ። ቅጹ ከእኔ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ በመምህሩ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ውስጤ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ነግሮኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ልመረምረው አልፈለግኩም። ውሃዬን ቀዳሁና ድንኳን ላፈርስ ተመለስኩ።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ አልተገኘም። ጎባ አንድ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። እናቴን ጠይቀው ነው ያገኙኝ። ከብብታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ገና ሳይዘረጉት ጽሕፈቴን አወቅኩት፤ የዚያ ቅጽ ኮፒ ነበር።

ቆይተው ነገሩን ነገሩኝ። ከብቶቻቸውን ይዘው ከሀረና ሲመለሱ ሜዳው በሽቦ ታጥሮ አገኙት። ዘበኛ ተቀምጦበታል። ቦታው ነዋሪም ተጠቃሚም የሌለው ስለሆነ ከንክኪ ነፃ ተደርጓል፣ ለቀይ ቀበሮዋ ተከልሏል አላቸው። ኮሶው ከሽቦው ውስጥ ቀርቷል። እናትና አባታቸው የተቀበሩት ከሥሩ ነው፤ ዱዓ ሊያደርጉ እንኳ ከሽቦው ውጭ ነው የቆሙት። ይህን ማን ወሰነ ብለው ቀበሌ ሲሄዱ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዝርዝር ነው፣ መነሻው የተማሪዎቹ ወረቀት ነው ብለው ኮፒውን ሰጧቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም። ያቺ ልጅ እኔ ያልኳትን ነው የጻፈችው፣ የተሳሳተው ከእሷ በኋላ ነው ብለው ወደ እኔ መጡ።

«የእኔን ቦታ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ጣቴን ሰባተኛው ረድፍ ላይ አድርጌ አነበብኩላቸው። «ኦና» አልኩ።

ፊታቸው በራ። አየሽ አሉኝ። ኦና ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ ወይ፤ ሰው ጎጆ ሠርቶ ኖሮበት፣ ወልዶበት፣ ሞቶበት፣ ለጊዜው የለቀቀው ግቢ ነው። ኦና ባለቤት አለው፤ የእገሌ ኦና ተብሎ ነው የሚጠራው፣ ከብት ሲመለስ ወደ ኦናው ነው የሚመለሰው፣ ሌላ ሰው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ድንኳን እንኳ አይተክልበትም። ወረቀታቸው ራሱ የአባቴ ቤት ነው ብሎ ይመሰክርልኛል አሉ። ሲናገሩ ምሥራቁን በር፣ ምድጃውን፣ እናታቸው የምትቀመጥበትን ቦታ በእጃቸው በሱቁ ባንኮኒ ላይ ያሳዩኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። አንገታቸውን የሚደፉት በአባታቸው በር ሲገቡ እንደነበር፣ ፓስታ የቀቀልነው በእናታቸው ምድጃ ላይ እንደነበር፣ አዎ ያልኩት አንዲት ቃል ምን እንዳደረገች። እዚያው ልነግራቸው ይገባ ነበር። አባቴ፣ ይህ ቃል በአማርኛ ባዶ ማለት ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው፣ እንደዚያ አምነውኝ ሳለ ማለት አቃተኝ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሐሙስ ከፕሮጀክቱ ሰው ይመጣል፣ መጥተሽ አንብቢልኝ አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ። ወረቀቱ እንዳይበላሽባቸው ብለው አንድ ኮፒ አስነሱ፤ በአዲስ ላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ሐሙስ አልሄድኩም። እናቴ ታማለች ብዬ ላክሁባቸው፤ እናቴ ደህና ሆና ገበያዋ ላይ ነበረች። የሆነውን በኋላ የቀበሌው ጸሐፊ ኮፒ ሊያነሳ መጥቶ ነገረኝ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከፍ አድርገው ከፕሮጀክቱ ለመጣው እንግዳ ሰጡት። እንግዳው አነበበና፣ አዎ ኦና ይላል፣ እኛም ያልነው ይህንኑ ነው አለ። ሽማግሌው ኦና፣ ኦና እያሉ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንግዳውም ይነቀንቃል። ሁለቱ የተስማሙ መስለው ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ ከቆሙ በኋላ ነገሩ የገባው ጸሐፊው ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ አብጠርጥሮ ያውቃል። ለሽማግሌው ቃሉ በአማርኛ ምን እንደሆነ በጆሯቸው ነገራቸው። ለእንግዳውም አስረዳው። እንግዳው ማረም ከፈለጉ ማመልከቻ ይጻፉ፣ ዝርዝሩ ግን ከጸደቀ ቆይቷል አለና ሄደ። ሽማግሌው ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩት። መሬት ላይ ተቀመጡ አለኝ።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ማን እንደጻፈላቸውም አላውቅም። እስከማውቀው ድረስ ሽቦው አልተነሳም። ያ ሜዳ ግን ከእኔ ጋር ነው። እቃ እያነሳሁ፣ ሰው እያናገርኩ ሳለሁ ድንገት ጉሙ፣ ሳማውና ኮሶው ፊቴ ይደቀናሉ፤ ሽማግሌው ለሰዎቹ ስለ እኛ የነገሯቸው ቃል ይሰማኛል፣ ልጆቹ ክፉ አይደሉም ያሉት። እንደዚያ በሚሆንበት ጊዜ የሰው ምድጃ ላይ የቆምኩ ይመስለኝና ያለሁበት ቤት መሃል ላይ መቆም ይከብደኛል፤ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ። እናቴ ምን ሆነሻል ትለኛለች። ብርድ ነው እላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጊኒር ሥራ አገኘሁና ሻንጣዬን ይዤ ሮቤ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ አገኘኋቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ላልፋቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀድመው አዩኝና «ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እናቴ ተሽሏት እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ጎሮ ያገባች ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ እየሄዱ ነው። ከብቶቹን ለዘመድ አከፋፍለዋቸዋል፤ ሲመለሱ የሚያርፉበት ከሌለ ምን አደርጋቸዋለሁ አሉ። በትራቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያን ቀን ሱቅሽ መጥቼ ስታነቢልኝ፣ ቃሉ በአማርኛ ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

መኪኖቹ ጡሩምባ ያሰማሉ፣ ረዳቶቹ ይጣራሉ። ዓይኔን አላነሳሁም። አሁን ብነግራቸው ምንም የሚመለስ ነገር እንደሌለ ለራሴ ነገርኩት።

«አላውቅም ነበር፣ አባቴ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። ትልቁ ልጄ እያወቀች ነው የደበቀችህ ሲለኝ፣ ብታውቅ ትነግረኝ ነበር አልኩት። በዚህ ተጣላን። ይኸው እስካሁን አንነጋገርም።»

የጎሮው መኪና መሙላቱን ረዳቱ ተናገረ። ዕቃቸውን ይዤ አሳፈርኳቸው፤ መስኮት አጠገብ ቦታ እንዲያገኙም ሰው ለመንኩላቸው።